ጋፋት፦ ስለ አፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መሥሪያ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

ጋፋት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ የምትገኝ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት። ስለ እሷ ከሚነገረው ብዙው በስሕተት የተወረሰ ነው።

«ጋፋትን ያጠፋት የእንግሊዝ ጦር ነው»

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣው፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ደብረ ታቦርን አልረገጠም። ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በአሸንጌ፣ ከዚያም በዋድላና በደላንታ አድርጎ መቅደላ ገባ፤ የተመለሰውም በዚያው አቅጣጫ ነው። የጋፋት ሥራ ከዚያ በፊት ቆሟል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም. መድፍ ይሠሩላቸው የነበሩትን አውሮፓውያን ባለሙያዎች ስለተጠራጠሩ ከጋፋት አንሥተው ደብረ ታቦር ላይ በቅርብ አስቀመጧቸው። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ደግሞ ራሳቸው ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቹን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ።

«ሴባስቶፖል 70 ቶን ይመዝናል»

ሴባስቶፖል ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ትልቅ የነሐስ መድፍ ነው። ክብደቱን ማንም በሒሳብ ሊያጣራው ይችላል። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ነሐስ 8.8 ቶን ገደማ ይመዝናል። 70 ቶን እንዲሆን 8 ኪዩቢክ ሜትር ነሐስ ያስፈልጋል፤ በሁሉም ጎኑ 2 ሜትር የሆነ፣ ውስጡም ያልተቦረቦረ ድፍን ማለት ነው። መቅደላ ላይ ያለው መድፍ ከሰው ቁመት አይበልጥም፤ መሐሉም ክፍት ነው። 7 ቶን ብንል 0.8 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል፤ ለእውነቱ የሚቀርበው ይህ ነው። ይህም ቢሆን በሰው ጉልበት የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣቱ፣ መንገዱም በየደረሱበት እየተጠረገ መሠራቱ ታላቅ ሥራ ነው። ማጋነን አያስፈልገውም።

«የሠሩት የጦር መሐንዲሶች ናቸው»

ከጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና አብዛኞቹ ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ነበሩ፤ መድፍ ማቅለጥን የተማሩት እዚሁ እየሞከሩ ነው። ሥራው ደግሞ ምሕረት የለውም። በጭቃ ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ከቀረ፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለው ቅልጥ ሲነካው እንፋሎት ይሆንና ቅርጹን ይበትነዋል። አፈሳሱ መሐል ላይ ከተቋረጠም ቀድሞ የረጋውና በኋላ የመጣው ሳይዋሐዱ ይቀራሉ፤ መድፉ በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለትልቅ መድፍ ነሐሱ በብዙ ምድጃ በአንድ ጊዜ መቅለጥ አለበት፤ ይህም ያለ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወናፍ ነፊዎች፣ ከሰል አክሳዮችና ተሸካሚዎች አይታሰብም።

«ሴባስቶፖል በአሮጌ ጦርነት ላይ ፈነዳ»

አሮጌ መቅደላ አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሲደረግ፣ ከፋላ ተራራ ላይ ሲተኮስ ባሩድ በዝቶበት የፈነዳው ሌላ ትልቅ መድፍ ነው። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ፣ አምባ ማርያም ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የጋፋት የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪም ስሙን ብቻ ወሰደ እንጂ የጥንቱ መሥሪያ ቀጣይ አይደለም።

«ጋፋት ላይ የሚታይ ነገር የለም»

ቆሞ የሚታይ ሕንፃ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። የብረታ ብረት ማቅለጫ ቦታ የሚታወቀው ግን ከመሬቱ ነው፦ በእሳት የቀላ ጭቃ፣ የመስታወት መልክ ያለው ጥቁር ዝቃጭ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ጠብታ። አረንጓዴው መዳብ ወይም ነሐስ ነው፤ ማግኔት አይስበውም። ማግኔት የሚስበው ከባድ ቁራጭ ከብረት ሥራ የመጣ ነው። ያገኙትን አያንሡ፤ ሳንቲም አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሡት፣ ቦታውን ይመዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ከቦታው የተነሣ ዝቃጭ ምድጃው የት እንደነበረ ሊናገር አይችልም።