ፎርዋርድ ማድረግ ማዋሐድ አይደለም፦ ብዙ የኢሜይል አድራሻዎችን በአንድ ሳጥን ስለማስተዳደር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰዎች የሥራ፣ የግልና የድሮ የኢሜይል አድራሻቸውን በአንድ ቦታ እንዲያነቡ ሳመቻች፣ «ሁሉንም ወደ አንዱ ፎርዋርድ አድርጌያለሁ፤ ስለዚህ አንድ ሆነዋል» የሚለውን ንግግር ሳልሰማ የማልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፎርዋርድ ማለት ወደ አንድ አድራሻ የሚመጣውን መልእክት በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፍ ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ግዴለሾች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በሥራቸው እጅግ ጠንቃቆች ናቸው። ነገር ግን የስህተቱ ጉዳት የሚታየው በባለአድራሻው ስክሪን ላይ ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ስለሆነ ለዓመታት ሳይታረም ይኖራል፤ ሲነገራቸውም «እኔ ጋ በደንብ ይሠራል» ብለው ይከራከራሉ። ስለዚህ ቀላሎቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች በአጭሩ አንስቼ በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

«በጂሜይል አድራሻዬ ውስጥ ነጥብ ወይም የመደመር ምልክት ስጨምር ሁለተኛ አካውንት አገኛለሁ።»

አያገኙም። ጂሜይል ከ«አት» ምልክቱ በፊት ያሉትን ነጥቦች አይቆጥራቸውም፤ ከመደመር ምልክቱ በኋላ የተጻፈውም ቢሆን ወደዚያው ወደ አንዱ ሳጥን ይደርሳል። መልእክትን በማጣሪያ ለመለየት ይጠቅማል እንጂ የይለፍ ቃሉም ሳጥኑም አንድ ነው።

«ጂሜይል ላይ ገቢ ሳጥኑን ወደ ብዙ ክፍል የሚከፍለውን አማራጭ ካበራሁ ሌሎቹ አካውንቶቼ ይመጡልኛል።»

ያ አማራጭ የሚከፋፍለው የዚያኑ አካውንት መልእክቶች ብቻ ነው። የተለያዩ አካውንቶችን ገቢ ሳጥኖች አንድ ላይ የሚያሳዩት የጂሜይል የስልክ መተግበሪያ፣ የስልኩ አውትሉክ፣ አፕል ሜይልና ተንደርበርድ ናቸው።

«የሥራ ኢሜይሌን ወደ ግል አድራሻዬ ፎርዋርድ ስላደረግሁ፣ መልስ ስጽፍም በሥራ አድራሻዬ ይሄድልኛል።»

ከሁሉ በላይ ሊታረም የሚገባው ይህ ነው። በኢሜይል አሠራር ውስጥ መላክና መቀበል ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መልእክት ከሰርቨር (መልእክት ከሚያከማችና ከሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) ወደ ሰርቨር የሚጓዘው እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ኤስኤምቲፒ በሚባለው ደንብ ነው፤ የደረሰውን መልእክት ከሳጥኑ የምናነበው ደግሞ ፖፕ ወይም አይማፕ በሚባሉ ሌሎች ደንቦች ነው። ፎርዋርድ የሚነካው የሚመጣውን መልእክት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣውን እንጂ ቀድሞ የተከማቸውን አይደለም። ስለሚሄደው መልእክት አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። መልስ ለመስጠት የሚጫኑበት ፕሮግራም የተከፈተው በግል አድራሻዎ ከሆነ፣ ሌላ ትእዛዝ እስካልተሰጠው ድረስ በላኪው ቦታ ላይ የሚያስቀምጠው የግል አድራሻዎን ነው።

አንዲት የሕግ ባለሙያ የቢሯቸውን አድራሻ ወደ ግል አድራሻቸው እያስተላለፉ ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። ደንበኞቻቸው የሚጽፉት ለቢሮው ነበር፤ እርሳቸው የሚመልሱት ግን፣ ሳያውቁት፣ ከግል አድራሻቸው ነበር። ደንበኞቹም በመጨረሻ የደረሳቸውን ደብዳቤ ከፍተው መልስ ስለሚሰጡ፣ ከመጀመሪያው ልውውጥ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ግል ሳጥኑ ዞረ። ቢሮው የአንድን ጉዳይ ሙሉ የጽሑፍ ልውውጥ በጠየቀበት ቀን በቢሮው ሳጥን ውስጥ የተገኘው የየደንበኛው የመጀመሪያ ደብዳቤ ብቻ ነበር። የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ምስጢሩ ሊጠበቅለት የሚገባ ሰነድ በማይገባው ቦታ ተከማችቶ ተገኘ። ሌላ ሰው ደግሞ ባመለከተበት አድራሻ የተጠየቀውን ተጨማሪ ማስረጃ ተቀባዮቹ በማያውቁት አድራሻ ስለላከ ማስረጃው ከማመልከቻው ጋር ሳይገናኝ ቀረ። ሁለቱም «እኔ ጋ በደንብ ይሠራል» ይሉ ነበር።

ማስተካከያው ሁለት እርምጃ አለው፤ ሰዎች አንደኛውን አድርገው ሁለተኛውን ይተዋሉ። የመጀመሪያው፣ በሚያነቡበት አካውንት ቅንብር ውስጥ ሌላውን አድራሻ እንደ ላኪ አድራሻ ማስመዝገብ ነው፤ ለዚህም የዚያን አድራሻ የራሱን የመላኪያ ሰርቨር፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ከዚያም ወደ አድራሻው የሚላከውን ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መልስ ሲሰጥ መልእክቱ በተላከበት አድራሻ እንዲመለስ የሚያዘውን አማራጭ መምረጥ ነው። ይህ ካልተመረጠ የተመዘገበው አድራሻ በዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ማንም አይጠቀምበትም።

ሁለቱም ከተደረጉ በኋላ እንኳ የሚቀር ቀዳዳ አለ። ፕሮግራሙ በየትኛው አድራሻ መመለስ እንዳለበት የሚያውቀው የተቀባዩንና የግልባጩን መስመር አይቶ ነው። መልእክቱ የደረሰዎ በስውር ግልባጭ ወይም ለቡድን በተከፈተ አድራሻ በኩል ከሆነ አድራሻዎ በእነዚህ መስመሮች ላይ ስለማይገኝ ፕሮግራሙ ወደ ነባሪው አድራሻ፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ በራሱ ወደሚወስደው፣ ይመለሳል። የስብሰባ ጥሪዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ለአንደኛው አድራሻዎ የተላከን ጥሪ በሌላኛው ከተቀበሉት፣ ጠሪው የሚያየው ያልጠራውን ሰው እሺታ ሲሆን የጠራው ሰው ግን መልስ እንዳልሰጠ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ለደንበኞቼ ሁሉ የማስለምዳቸው፣ መልእክት ከመላካቸው በፊት የላኪውን መስመር እንዲያነቡ ነው።

«የመላኪያ ሰርቨሩ የማንም ቢሆን ችግር የለውም፤ ዋናው ስሙ ነው።»

ድሮ ያስኬድ ነበር፤ ዛሬ አያስኬድም። የአንድ ዶሜይን (በአድራሻው ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለው ስም) ባለቤት በስሙ እንዲልኩ የፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ኤስፒኤፍ በሚባለው መዝገብ ይዘረዝራል፤ ዲኪም የሚባለው ደግሞ መልእክቱ ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል። ዲማርክ የሚባለው ሥርዓት ቢያንስ ከሁለቱ አንደኛው ተቀባዩ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ዶሜይን ጋር እንዲስማማ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ እነዚህን መስፈርቶች፣ በተለይ በብዛት በሚልኩ ላይ፣ አጥብቀዋል። የሥራ አድራሻዎን ስም ይዞ ባልተፈቀደለት ሰርቨር የሚወጣ መልእክት ስፓም (ያልተፈለጉ መልእክቶች ማኅደር) ውስጥ ቢወድቅ ወይም ከነጭራሹ ቢመለስ ሊያስገርም አይገባም።

ፎርዋርድም ራሱ ከዚህ ቁጥጥር አያመልጥም። መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሰርቨር በመጀመሪያው ላኪ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ የላኪውን ዱካ አስተካክሎ ካልጻፈ በስተቀር የኤስፒኤፍ ምርመራው ይከሽፋል። የዲኪም ፊርማ መልእክቱ በመንገድ ላይ ካልተለወጠ ይጸናል፤ በግርጌው ማሳሰቢያ የሚጨምር ወይም ርእሱን የሚያሻሽል ሰርቨር ካለ ግን እርሱም ይፈርሳል።

«ፎርዋርድ የሚደረገው ሁሉም መልእክት ነው።»

ጂሜይል ስፓም ብሎ የፈረጀውን አያስተላልፍም። ስለዚህ ሁለት የስፓም ማኅደር ይኖርዎታል፤ አንደኛውን ያዩታል፣ ሌላኛውን ግን ከፍተውት አያውቁም። በዚያ ውስጥ በስህተት የወደቀ እውነተኛ ደብዳቤ 30 ቀን ሲሞላው በራሱ ይሰረዛል። ለቃለ መጠይቅ የተጠራበትን ደብዳቤ በዚህ መንገድ ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ ቀጣሪው ልኬአለሁ ሲል እውነቱን ነበር፣ እርሱም አልደረሰኝም ሲል እውነቱን ነበር።

ከመሥሪያ ቤት ወደ ውጭ ማስተላለፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሹን የተዘጋ ነው። ማይክሮሶፍት 365 በነባሪ ቅንብሩ ወደ ውጭ የሚደረገውን ራስ ሰር ማስተላለፍ ይከለክላል፤ ተጠቃሚው ትእዛዙን ሰጥቶ አንድም መልእክት ሳይደርሰው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ክልከላው ተገቢ ነው፤ የመሥሪያ ቤትን ደብዳቤ ያለ ፈቃድ ወደ ግል ሳጥን ማውጣት የለብዎትም።

«ፖፕም አይማፕም ያው ናቸው።»

አይደሉም፤ ምርጫው ላይ ግዴለሽነት አይገባም። ፖፕ የገቢ ሳጥኑን መልእክቶች አውርዶ የሚሄድ ነው፤ የተነበበውን ካልተነበበው አይለይም፣ ሌሎች ማኅደሮችንና የተላኩትን አያውቅም፣ እንዳስተካከሉትም ከሰርቨሩ ላይ ሊሰርዛቸው ይችላል። ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የነደፉት አይማፕ ግን መልእክቶቹን በሰርቨሩ ላይ ያኖራል፤ በስልክ ያነበቡት በኮምፒውተሩም እንደተነበበ ይታያል። ጎግልም ጂሜይል የሌሎችን አካውንቶች መልእክት በፖፕ እየሳበ የሚያመጣበትን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2026 እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ሥራው በዚህ ላይ የቆመ ሰው ሌላ መንገድ ሊይዝ ይገባል።

በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው መንገድ ፎርዋርድን ትቶ፣ እያንዳንዱን አካውንት በአይማፕ ወይም በአቅራቢው በራሱ መንገድ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ነው። እንዲህ ሲሆን ገቢ ሳጥኖቹ አንድ ላይ ይታያሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መልእክት በየራሱ ሰርቨር ይኖራል፣ መልሱም በደረሰበት አካውንት ይሄዳል፣ የተላከውም በዚያው አካውንት ይቀመጣል፣ የስፓም ማኅደሮቹም ሁሉም ከዚያው ይከፈታሉ። «መልእክቶቼ ይደባለቁብኛል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ የሚዋሐደው እይታው ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት ግን በጋራው እይታ ላይ የሰረዙት ከዋናው አካውንትም ይሰረዛል። አዲስ ደብዳቤ ሲጀምሩ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚመርጠው ነባሪውን አድራሻ ስለሆነ፣ ነባሪው የትኛው እንዲሆን አስቀድመው ይወስኑ።

«ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሌን አልቀበል ካለ ረስቼዋለሁ ማለት ነው።»

ላይሆን ይችላል። ጎግል የግል አካውንቶች በተራ የይለፍ ቃል ብቻ ከውጭ ፕሮግራሞች እንዳይከፈቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ከልክሏል፤ ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክ የግል አካውንቶች በሴፕቴምበር 2024 ይህንኑ አድርጓል። አሁን ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙ ወደ አቅራቢው የመግቢያ ገጽ ወስዶዎት ፈቃዱን እዚያ መስጠት ነው፤ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን አያየውም፣ ፈቃዱንም በፈለጉ ጊዜ መሰረዝ ይችላሉ። ፕሮግራሙ አሮጌ ከሆነና ይህን የማያውቅ ከሆነ፣ ጎግል ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላበሩ ሰዎች ለፕሮግራም ብቻ የሚሆን የተለየ የይለፍ ቃል ይሰጣል።

«አካውንቴን ሰው ሰብሮ ቢገባ የይለፍ ቃሉን መቀየር ይበቃል።»

አይበቃም። ሰርጎ ገቦች ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ወደ ራሳቸው የሚያስተላልፍ የፎርዋርድ ትእዛዝ መደበቅ ነው፤ የይለፍ ቃል ሲቀየርም ትእዛዙ ባለበት ይቀጥላል። የፎርዋርድና የማጣሪያ ቅንብሮችን በእያንዳንዱ አካውንት ላይ ከፍቶ መመርመር ያስፈልጋል።

«ፎርዋርድ የሚያደርገውን የድሮ አካውንት መርሳት ይቻላል።»

ይህ አደገኛ ነው። ጎግል ለ2 ዓመት ጥቅም ላይ ያልዋለን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ደንግጎ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጎታል፤ መልእክት በራሱ እየተላለፈ መሄዱን ባለቤቱ አካውንቱን እንደተጠቀመበት ይቆጥሩልኛል ብሎ መተማመን አይገባም። የተላለፉት መልእክቶች ቅጂም በድሮው አካውንት ከቀረ፣ ከጎግል ድራይቭና ከጎግል ፎቶዎች ጋር የሚጋራው 15 ጊጋባይት ቦታ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ሲሞላ አዲስ መልእክት ወደ ላኪው ስለሚመለስ የሚተላለፍም ነገር አይኖርም። የሌሎች አገልግሎቶችን የይለፍ ቃል መልሶ ለማግኘት ያስመዘገቡት አድራሻ ይህ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው። ፎርዋርድን ለመቀጠል የወሰነ ሰው የድሮውን አካውንት በየወሩ በራሱ ይለፍ ቃል ገብቶ ይክፈተው፤ የስፓም ማኅደሩን ይመልከት፤ የቀረውን ቦታ ይመርምር፤ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበው ስልክም አሁንም በእጁ ያለ መሆኑን ያረጋግጥ።