እውነት ሁሉ መልስ አይደለም፦ ስለ አፕቲትዩድ ምንባቦች የሚባለውና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደብረ ማርቆስም ሂዱ ፍኖተ ሰላም፣ የአፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ መለኪያ ፈተና) ወረቀት የያዘ ተማሪ አታጡም። ሒሳቡን እንደምንም ይገፉታል። የሚሸውዳቸው አጭር ምንባብ ሰጥቶ «ከዚህ በመነሳት ይበልጥ የሚደገፈው ድምዳሜ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ከተማሪ ተማሪ የሚተላለፉ ምክሮች አሉ። ብዙዎቹ ነጥብ ያስጥላሉ።

«እውነት የሆነውን ምረጥ»

ምንባቡ «ግልገል አባይ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች አንዱ ነው፤ የሚነሳውም ከሰከላ ነው» ይላል እንበል። አንዱ አማራጭ ደግሞ «ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል አባይ ነው» ይላል። የሰከላ ልጅ ይህን አይቶ እንዴት ይለፈው? እውነትም ነው። ምንባቡ ግን ስለ ትልቅነት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሚደገፈው «ወደ ጣና የሚገባው ወንዝ ከአንድ በላይ ነው» የሚለው ነው። ጥያቄው ስለምታውቁት አገር ሲሆን ይበልጥ ተጠንቀቁ።

«ቀላል መልስ ወጥመድ ነው»

ይሄኛው ጎጃም ውስጥ የሚብስ ይመስለኛል። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ሰሙን አልፎ ወርቁን ማግኘት ያስመሰግናል። ፈተናው ግን ከሰሙ አያልፍም። ይህን እዩ፦

«በአንድ ወረዳ አሲዳማ መሬታቸው ላይ ኖራ ከበተኑት ገበሬዎች አብዛኞቹ ዘንድሮ ከአምናው የበለጠ ስንዴ አመረቱ። ካልበተኑት ግን ምርታቸው የጨመረው ጥቂቶቹ ናቸው።»

ሀ) ምርታቸው የጨመረው ሁሉ ኖራ የበተኑ ናቸው።
ለ) ምርታቸው ከጨመረላቸው አብዛኞቹ ኖራ የበተኑ ናቸው።
ሐ) ኖራ ሳይበትኑ ምርታቸው የጨመረላቸው ገበሬዎች አሉ።

ሀ ወዲያው ይወድቃል። ቀለሜዎቹ ሳይቀሩ የሚወስዱት ለን ነው። በቁጥር እንፈትሸው። ኖራ የበተኑት 100 ቢሆኑና የ60ዎቹ ምርት ቢጨምር፣ «አብዛኞቹ» ልክ ነው። ያልበተኑት 1000 ቢሆኑና የ200ዎቹ ቢጨምር፣ «ጥቂቶቹ» ልክ ነው። እንግዲህ ምርታቸው ከጨመረላቸው 260 ገበሬዎች 200ዎቹ ኖራ አልበተኑም! ምንባቡ ሳይነካ ለ ፈረሰ። መልሱ ያ «ይሄማ ግልጽ ነው» ተብሎ የተናቀው ሐ ነው።

«ኖራው ነው ምርቱን የጨመረው» የሚል አማራጭስ ቢኖር? በደፈናው እንዲህ ካለ አይበቃም። ኖራ የበተኑት የተሻለ ዘርም ዘርተው ይሆናል። «ኖራው ሳይረዳ አልቀረም» ብሎ ከለዘበና የተሻለ አማራጭ ከጠፋ ግን ሊያስኬድ ይችላል። ምክንያቱም «ይበልጥ የሚደገፈው» እና «የግድ እውነት የሚሆነው» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጠንካራ ድጋፍ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ማምለጫ ቀዳዳ አይፈቅድም። ስለዚህ ከምንባቡ በፊት ጥያቄውን አንብቡ።

«‹ሁሉም› ወይም ‹ፈጽሞ› ያለበትን ሰርዝ»

ምንባቡ ራሱ «ሁሉም» ካለ ምን ልታደርጉ ነው? የአማራጩ ጉልበት ከምንባቡ እንዳይበልጥ ብቻ እዩ። «አንዳንድ» ደግሞ በሎጂክ ቢያንስ አንድ ማለት ነው፤ ሁሉም ሊሆኑም ይችላሉ።

«ተገልብጦም ያው ነው»

«የአባይ በረሃ መንገድ ላይ ናዳ ከወረደ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ደጀን ዘግይቶ ይገባል።» ዛሬ ዘገየ። ናዳ ወረደ ማለት ነው? አይደለም፤ ጎማ ፈንድቶበትም ሊሆን ይችላል። በሰዓቱ ከገባ ግን ናዳ አልወረደም ማለት እንችላለን። ከሁለቱ አቅጣጫዎች የሚያስኬደው ይሄኛው ብቻ ነው።

«ችግሬ እንግሊዝኛ ነው»

በከፊል ልክ ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። ግን የኖራውን ጥያቄ በአማርኛ አንብባችሁም ለን መርጣችሁ ከነበረ፣ መዝገበ ቃላት ብቻውን አያድናችሁም። የመረጣችሁትን አማራጭ ውሸት ነው ብላችሁ አስቡና ወደ ምንባቡ ተመለሱ። ከምንባቡ ጋር ካልተጋጨ «የግድ እውነት» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።