በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የልጅ ስም አወጣጥ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለልጅ የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ነው። አለዚያም የዓረፍተ ነገር ግማሽ። ግማሹ ስም ሆኖ አደባባይ ይወጣል፤ ሌላው ግማሽ ቤት ይቀራል። ለማን እንደተባለ፣ ለምን እንደተባለ የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። የስም ትርጉም የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው። የውጭ ሰው ቃሉን ይሰማል፣ ነገሩን ግን አልሰማም።

ጥጋቡ የሚለውን እንውሰድ። ለከተማ ጆሮ ጥጋብ እብሪት ነው። ስሙን ያወጣው ቤት ግን የሚያስበው የሞላ ጎተራ ነው፤ ልጁ የመጣው እህል በተትረፈረፈበት ዓመት ነበርና። ናደው፣ ደምሰው፣ ጣሰው ደግሞ ትእዛዝ ናቸው። የሚታዘዘው ልጁ ነው፤ የሚናደው የአባትየው ባላንጣ። የዛሬ ወላጆች «ጠብ ጠብ ይሸታል» ብለው ይሸሿቸዋል። ሽሽቱ ይገባኛል። ነገር ግን እነዚህ ስሞች የወጡት የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍበት ዘመን ነው።

ካሳ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ ሲባል ከልጁ በፊት የሞተ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም ሕፃን ነው። ልየውና እንየው የሚባሉትም «ይኖር እንደሆነ እንይ» ለማለት የወጡ ናቸው ይባላል። እናት እንዲህ ያለ ስም ስትጠራ ሁለት ልጅ እየጠራች ነው።

ከጣና በስተ ምዕራብ፣ ቋራ የተወለዱት ዐፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ። ቴዎድሮስ የሚለውን ስም በ1847 ሲነግሡ የያዙት፣ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት ስለነበር ነው። እዚህ ይበልጥ የሚያስፈልገን ግን የእናታቸው ስም ነው፤ ወይዘሮ አትጠገብ። ብዙ ሰው «አትጠግብ» ብሎ ሰምቶ ይስቃል። «ገ» እና «ግ» እዚህ ላይ ሰማይና ምድር ናቸው። አትጠግብ ቢሆን በልታ የማትረካ ማለት ነበር። አትጠገብ ግን ቢያዩዋት ቢያዩዋት የማትሰለች ናት። ማንጠግቦሽም የዚሁ ዘመድ ነው፤ አንቺን ማን ጠግቦሽ ያውቃል ለማለት።

ስሙን ራሱን ማዕረግ ያደረገ ሰው ከተፈለገ ደግሞ በላይ ዘለቀ አለ። ለአርበኞቹ ራስነትና ደጃዝማችነት ሲያድል «የአንተስ ማዕረግ?» ቢሉት፣ እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ይበቃኛል አለ እየተባለ ይነገራል። ጎጃም ውስጥ ይህን ታሪክ የማይነግርህ ሰው የለም። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ዓባይ

በሐይቁ ዳር የሚያከራክር ስም ቢኖር ዓባይ ነው። ወንዙ ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ስለሆነ ስሙን ለልጅ መስጠት እዚህ ማንንም አያስገርምም። ችግሩ አባይ በአማርኛ ውሸታም ማለት መሆኑ ነው፤ «አበለ» ከሚለው ግስ የወጣ። ዓባይ የተባለ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ይህን ቀልድ ሳይሰማ ዓመት አይሞላውም። አገሩን ጥሎ የሚሄድ ወንዝ ነውና ውሸታም መባሉ ይገባዋል የሚሉም አሉ። ይህ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታነቱን መካድ አይገባም። የስሙ ምንጭ ግን ግእዝ ነው። ዐቢይ ለወንድ፣ ዐባይ ለሴት፣ ታላቅ ማለት ነው። በሰዋስው ከሄድን እንግዲህ ዐባይ የሚስማማው ለሴት ልጅ ነው። ይህን ለወንዶቹ ዓባዮች ባንነግራቸው ይሻላል።

እነ ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ያለው አገር አንድ ስም ሁለት ፍቺ ሲኖረው አይደነግጥም። ሰሙ ውሸታም፣ ወርቁ ታላቅ ነው ብሎ ያልፋል። ከክርክሩ ማምለጥ የፈለጉ ወላጆች ግዮን ይላሉ። ግዮን በኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን ከሚወጡት 4 ወንዞች አንዱ ነው፤ በአገራችን ትውፊትም ከዓባይ ሌላ አይደለም። ወንዙን ከላይ የሚያየው ኮረብታ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት፣ ቤዛዊት ይባላል። ቤዛዊት የምትባል ልጅ «በኮረብታው ነው ስምሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። ቤዛ ስለ ሌላው የሚሰጥ፣ የሚያድን ማለት ነው።

የግእዝ ስሞችና ደሴቶቹ

ዓረፍተ ነገርን ስም ማድረግ የገበሬ ቤት ልማድ ብቻ አይደለም። በጣና ደሴት ላይ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አፅማቸው አለ ከሚባሉት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ናቸው። ይኩኖ አምላክ ማለት አምላክ ይሁነው ማለት ነው፤ ሙሉ ጸሎት። እዚያው ያሉት ዐፄ ፋሲለደስ ግን ስማቸው አማርኛም ግእዝም አይደለም፤ ከሰማዕቱ ባሲሊደስ የመጣ የግሪክ ስም ነው። ልጁን ፋሲል የሚለው አባት ንጉሡን ያስባል፤ ንጉሡ የተሰየሙት በሰማዕቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ስሟ በስሕተት የሚተረጎመው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። ገዳሟ በሐይቁ ምሥራቅ፣ ጓንጉት ነው፤ ነሐሴ 24 ታንኳውና ጀልባው ወደዚያ ይተማል። ሠምራ የሚለውን ብዙ ሰው «ሰመረ፣ ተሳካ» ከሚለው አማርኛ ያገናኘዋል። በግእዝ ሠምረ ወደደ፣ ደስ ተሰኘ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ራ» ደግሞ «እሷን» ትላለች። ክርስቶስ የወደዳት ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻዋ «ሰምራ» ስትባል ወዳጁ ይጠፋል፤ ማን ወደዳት?

የክርስትና ስምም እንደዚሁ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑ በዕለቱ ከሚታሰበው ቅዱስ ጋር ያያይዛል። በ23 ከሆነ ገብረ ጊዮርጊስ ወይም ወለተ ጊዮርጊስ ሊባል ይችላል። ገብረ አገልጋይ፣ ወለተ ልጅ ነው፤ ሁለቱም «የማን?» የሚለውን ሳይመልሱ አይቆሙም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ሱስንዮስን ካቶሊክነት የተቃወመችው የጣናዋ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የጴጥሮስ ልጅ ናት። ውጭ አገር ግን ገብረ ማርያምን ለሁለት ቆርጠው ሰውየውን «ሚስተር ማርያም» ይሉታል።

በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ስም የሚወጣው ብዙ ጊዜ በ7ኛው ቀን፣ ለልጁ በሚታረድበት በዐቂቃ ነው።

የአራስ ቤት ክርክር

ገንፎው ከነቅቤው መሶብ ላይ ቀርቧል። አያት በአንድ በኩል፣ አራሷ በሌላ በኩል። «ሰጠኝ በሉት፤ እሱ ነው የሰጠኝ» ይላሉ አያት። አራሷ «እማማ፣ ሰጠኝ አሁን አይባልም» ትላለች። እሷ የመረጠችው ናትናኤል ነው፤ ዘመናዊ ነው ብላ። ናትናኤል በዕብራይስጥ እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ስም ይዘው ነው የሚከራከሩት፣ ግን ማንም አልነገራቸውም። አባትየው ስልኩን እያየ ሁለቱንም «እሺ» ይላል።

እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ሦስት ስም ይዞ ያድጋል፤ የክርስትና፣ የአያት፣ የትምህርት ቤት። ሕጉም ክርክሩን የሚያውቀው ይመስላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም የመምረጡን ነገር ለአባት ሰጥቶ፣ እናት ሁለተኛ ስም እንድትጨምር ይፈቅዳል። በተግባር የሚያሸንፉት ግን አያት ናቸው። ይኸው ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገርም ደንግጎ ነበር። ማንም አልተጠቀመበትም፤ እኛ ያለነው በአባት ስም ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ አለ። የእኅቴ ልጅ ኂሩት ትባላለች። ግእዝ ነው፣ ደግነት ማለት። በአንድ ቢሮ ሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ሆና መጣች፤ ሂሩት፣ ሒሩት፣ ህሩት። «ያው ነው» አለን ጸሐፊው። ለጆሮ ያው ነው። ወረቀቶቹን ሌላ መስኮት ስናቀርብ ግን ሦስት ሰው ሆነች።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ እስከ ክርስትናው ድረስ ያልተስማማ ቤት የቀረው ዐሥር ቀን ነው።