ትሬስ አሚንና ጫት አንድ አይደሉም

እዚህ ድሬዳዋ በርጫ ላይ «ትሬስ አሚን የጫቱ ንጥረ ነገር ነው» የሚል ክርክር ደጋግሞ ይነሣል። አይደለም። ትሬስ አሚኖች፣ ለምሳሌ ፌኒልኤቲላሚንና ታይራሚን፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸው ኬሚካሎች ናቸው። «ትሬስ» የተባሉት በአንጎል ውስጥ መጠናቸው ከዶፓሚን (በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት ከሚያስተላልፈው ኬሚካል) እጅግ ስለሚያንስ እንጂ ሥራ ፈት ስለሆኑ አይደለም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የራሳቸው መቀበያ፣ ማለትም መልእክታቸውን የሚቀበል የሴል ክፍል፣ እንዳላቸው ታውቋል። ዶፓሚን የሬዲዮው ድምፅ ቢሆን፣ እነርሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ቁልፍ ናቸው።

የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ግን ከውጭ የሚገባ፣ በቅርጹ የፌኒልኤቲላሚን ዘመድ ነው፤ ዶፓሚንን በብዛት ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ይቀንሳል፤ የአወዳይ ነጋዴ በከንቱ አይቸኩልም።

እስከዚህ ያለው የተረጋገጠ ነው። ትሬስ አሚኖች በድብርት ላይ ያላቸው ድርሻ ግን ተመራማሪዎችን ገና እያከራከረ ነው።