አዚሙዝ ምንድን ነው?

የድሮ ሪል ቴፕ (ከካሴት በፊት የነበረውን፣ በክብ መጠቅለያ ላይ ያለ ክር የሚያጫውት ማሽን) ገዝታችሁ ወይም ከቤት ወርሳችሁ ስትከፍቱት ድምፁ ታፍኖ ከወጣ፣ ካፓሲተር ለመቀየር አትሩጡ። ውድ ኬብሉንም ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ አዚሙዙን እዩ። ማስተካከያው አንዲት ብሎን ናት።

ክሩን የሚያነበው ክፍል፣ ሄድ የሚባለው፣ ፊቱ ላይ በጣም ቀጭን ስንጥቅ አለችው፤ ስፋቷ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ይቺ ስንጥቅ ክሩ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር የምትሠራው ማዕዘን አዚሙዝ ይባላል። ልክ 90 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ ትንሽ ዘንበል ካለች ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ፣ ይጠፋል።

ለምን ትሬብሉ ብቻ? ድምፁ ክሩ ላይ የተቀመጠው ተራ በተራ በተደረደሩ የማግኔት መስመሮች ነው። ክሩ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ፣ የ100 ሄርትዝ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) አንድ ሞገዱ ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር ቦታ ይይዛል። የ10 ኪሎ ሄርትዙ ግን 19 ማይክሮን ብቻ ነው። ስንጥቋ ስታዘነብል አንዱ ጫፏ የሞገዱን አንድ ክፍል፣ ሌላው ጫፏ ደግሞ ሌላውን ክፍል በአንድ ጊዜ ያነባል፣ እርስ በርስም ይጠፋፋሉ። የቤዙ ሞገድ ሰፊ ስለሆነ ምንም አይለውም።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። በተለመደው ባለ አራት ትራክ ስቴሪዮ የአንዱ ትራክ (ክሩ ላይ ድምፁ የተቀዳበት መስመር) ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሄዱ በግማሽ ዲግሪ ቢያዘነብል፣ በ19 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት 10 ኪሎ ሄርትዙ ላይ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ይጎድላል። በ9.5 ፍጥነት ግን 20 ዴሲቤል ገደማ ይሄዳል፣ ማለትም ከአሥር አንድ እጅ ቢቀር ነው። ግማሽ ዲግሪ ደግሞ በዓይን አይለይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረጉት፣ ቆሻሻም ትሬብል ይበላልና። ክሩ ሄዱን በልቶ ጎድጓዳ መስመር ካወጣበት ብሎን ማዞር ብቻውን አያድነውም፣ ሄዱ ራሱ ይታይ። ደህና ከሆነ የአዚሙዟን ብሎን ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከሄዱ ጎን፣ ስፕሪንግ ያለባት ናት። ሌሎቹ ብሎኖች የሄዱን ቁመትና ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያለውን ዝንባሌ ስለሚይዙ እጃችሁን ከነሱ አንሱ። ከመንካታችሁ በፊት የነበረችበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ፣ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

መለኪያ ክር (ለማስተካከያ ተብሎ የታወቁ ድምፆች የተቀዱበት) ካላችሁ ከ1 ኪሎ ሄርትዝ ጀምራችሁ ወደ 10 ውጡ። በቀጥታ ከ10 ከጀመራችሁ ድምፁ ከፍ የሚልባቸው የውሸት ነጥቦች አሉ፣ እዚያ ላይ ቆማችሁ «አገኘሁት» ትላላችሁ። መለኪያው ከሌለ በሞኖ የተቀዳ ክር አጫውቱና የአምፕሊፋየሩን የሞኖ ቁልፍ ተጫኑ። ብሎኗን በዝግታ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ አዙሩ። ሲምባሉና የዘፋኙ «ሰ» እና «ሽ» ጥርት ብለው የሚወጡበት ቦታ አለ፤ ካለፋችሁት ወዲያው ይደበዝዛል። በሞኖ የምትሰሙት ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲደመሩ ትንሿ ስህተት እንኳ ስለምትጎላ ነው።

እንደ ሬቮክስ ኤ77 ያሉ ባለ ሦስት ሄድ ማሽኖች ላይ የመቅጃው ሄድ የራሱ አዚሙዝ አለው። መጀመሪያ የማጫወቻውን፣ ቀጥሎ የመቅጃውን በእሱ ልክ። ገልብጣችሁ ከሠራችሁት ቅጂያችሁ ሌላ ሰው ማሽን ላይ ይታፈናል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ቤት ውስጥ የተቀዳ የድሮ ክር፣ የሠርግ ዘፈን ይሁን የአያት ወግ፣ ቀጂው ማሽን ራሱ ተንጋዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ 90 ዲግሪውን እርሱትና ሄዱን ለዚያ ክር አስተካክሉት። በተለይ ወደ ኮምፒዩተር ልታስተላልፉት ከሆነ ይህ ከቀረጻው በፊት ይሁን፤ እንዲያ የጠፋ ትሬብል በሶፍትዌር ሲጎተት ይዞት የሚመጣው የክሩን የ«ሽሽ» ድምፅ ነው። ስትጨርሱ ብሎኗን ወደ ምልክቷ መልሷት።