ከብት እና የገጠር ወንጌል አገልግሎት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ዙሪያ ባሉ የሲዳማ ወረዳዎች የሚገኙ ብዙ የገጠር አጥቢያዎች ወንጌላውያኖቻቸውን የሚያኖሩት ከቡና ሽያጭ በሚገባ አሥራት ነው። ቡናው በተሸጠባቸው ወራት ሣጥኑ ይሞላል፤ ክረምቱ ሲገባ ግን የወንጌላዊው ደመወዝ ሁለትም ሦስትም ወር ይዘገያል። ላም፣ በግ ወይም ሰንጋ ገዝቶ በሚገኘው ገቢ አገልግሎቱን መደገፍ የሚለው ሐሳብ የሽማግሌዎች ስብሰባ በተደረገ ቁጥር የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በሐዋሳ ሆኜ የእንዲህ ዓይነት አጥቢያዎችን የከብት ሒሳብ ስመለከት ቆይቻለሁ፤ ሐሳቡንም እደግፋለሁ። ከከብቱ ይልቅ የሚጎዱን ስለ ከብቱ ይዘናቸው የምንገባቸው እምነቶች ናቸው።

«አገልጋይ በከብት መጠመድ የለበትም»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ይልቅ ከከተማ የደመወዝ ኑሮ የመጣ ይመስለኛል። በዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ለሌዋውያን እንዲሰጡ የታዘዙት 48 ከተሞች ከነማሰማሪያቸው ነበሩ፤ ማሰማሪያውም ለከብቶቻቸው እንደሚሆን ተጽፏል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 እ.ኤ.አ. የውጭ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ እንደነበሩ (ቁጥሩ ከሌዋውያን ከተሞች ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው)፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወደ 10,000 ገደማ ደርሰው እንደተገኙ በስፋት ይነገራል። ወንጌሉን ከቀበሌ ቀበሌ ያደረሱት ከውጭ ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ሰዎች ሳይሆኑ እርሻና ከብት የነበራቸው ገበሬዎች ነበሩ።

በዚህ አመለካከት ውስጥ ያለችውን እውነት ግን መጣል አይገባም። ከቤቱ ለሳምንታት የሚርቅ ተጓዥ ወንጌላዊ በቀን ሁለት ጊዜ የምትታለብ ላም ጠባቂ ሊሆን አይችልም፤ ላሟ በረት ውስጥ ስትጮህ እሱ በሌላ ወረዳ ስብከት ላይ ነው።

«ላሟ ከተገዛች ገንዘቡ በራሱ ይመጣል»

ከሁሉም በላይ ያስከፈለን ይህ ነው። ካየኋቸው መዝገቦች አንዱ ተራ የተማሪ ደብተር ነበር፤ በግራው ገጽ የተሸጠው ወተት፣ በቀኙ ገጽ የፉርሽካና የፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ግዢ በየቀኑ ይጻፍበታል። ደብተሩ ወደ መሐል ሲደርስ ግራው ገጽ እየሳሳ ሄዶ ባዶ ሆነ፤ ቀኙ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ሌብነት ጠርጥረው ነበር የጠሩኝ። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ላሟ በጊዜዋ ስላልተጠቃች፣ ማለትም ስላልተዳቀለች፣ ወተቷ ደርቆ፣ ያለ ጥጃና ያለ ወተት መኖ ትበላ ነበር።

ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ያህል ነው፤ ከመውለዷም በፊት ሁለት ወር ገደማ ወተቷ ሊቆም ይገባል። በየዓመቱ አንድ ጥጃ እንድትሰጥ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ዳግመኛ መያዝ አለባት። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ሲሆን፣ ምልክቱ የሚቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው፤ ጠዋት ሌሎች ከብቶች ላይ ስትወጣ ወይም ሲወጡባት ቆማ ስትጠብቅ ከታየች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የማዳቀል ባለሙያው መጠራት አለበት። ያን ቀን ያላየ ሰው ሌላ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፤ ሦስት ጊዜ ካመለጠው የሁለት ወር መኖ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚከታተል ዓይን ሳይመደብ ላም መግዛት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው አባባል ብዙ አይርቅም።

ገበያውንም ማሰብ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ በሐዋሳ ወተት የሚገዛው ሰው ቁጥር በጣም ይቀንሳል፤ እኛ ወንጌላውያን አማኞች ይህን ጾም ባንጾም የሚገዛን ሰው ይጾማል። ከአስፋልት የራቀ አጥቢያ ወተቱን ወደ ቅቤ ለውጦ ካላቆየው በስተቀር ይህን ጊዜ የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

«የተዳቀለች ላም ሁልጊዜ ትሻላለች»

የአገር ላም በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር፣ የተዳቀለች ላም ደግሞ በደህና አያያዝ 8 ሊትርና ከዚያም በላይ መስጠቷ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት በያዘበት በሲዳማ ደጋ፣ ያን ያህል ወተት የምትሰጥ ላም የምትበላው መኖ በአብዛኛው ከገበያ የሚገዛ ነው። በደጋው በሁላ ወረዳ በኩል በግ፣ በሎካ አባያ ወረዳ ቆላ ፍየል ከዚህ ይሻላል፤ ሁለቱም አምስት ወር አርግዘው ይወልዳሉ፤ አንዱ ቢሞት አጥቢያው አይደኸይም። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው የእንሰት ቅጠል ተከትፎ ይሰጣቸዋል፤ ፍጉም ተመልሶ ለእንሰቱ ይሆናል።

«የአጥቢያው ከብት የሁላችንም ነው»

በስብሰባ ላይ ሲነገር ደስ ይላል፤ ላሟ ሌሊት ስትወልድ ግን ፋኖስ ይዞ የሚነሣላት የለም። ምእመናን በየሳምንቱ ተራ ገብተው ሲጠብቋቸው ከተመለከትኳቸው ከብቶች የሰቡ አላየሁም፤ ሁሉም ተረኛ መኖ የማቅረቡን ኃላፊነት ለቀጣዩ ተረኛ ይተዋል። የሚሠራው የቀድሞ አባቶቻችን የሚያውቁት በርቢ የመስጠት ልማድ ነው፦ ባለቤትነቱ የአጥቢያው ሆኖ ጠባቂው ቤተሰብ ወተቱንና ፍጉን ይወስዳል፤ ከሚወለዱት ጥጆች ወይም ግልገሎች መካከል የአጥቢያውና የጠባቂው ድርሻ አስቀድሞ ይወሰናል። ውሉ በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለበት፤ በተለይም ከብቱ በበሽታ ቢሞት ጉዳቱ የማን እንደሆነ ያልተጻፈበት ውል የቤተ ክርስቲያን ጠብ መነሻ ይሆናል። ለምእመናን ሁሉ መተማመን ይበቃል የሚሉኝ አሉ፤ የምንጽፈው ግን እንደተማመንን ለመቆየት ነው።

ስለ ጤና በአጭሩ፦ ክትባት በሽታ ሲገባ የሚፈለግ መድኃኒት አይደለም። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና ጎረርሳ ለሚባሉት የከብት በሽታዎች ከብቱ ጤነኛ ሳለ በየዓመቱ ይከተባል፤ በአባ ሰንጋ እንደሞተ የሚጠረጠር ከብት ደግሞ ሥጋው እንዳይባክን ተብሎ መከፈት የለበትም፤ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል።

«በበዓል ሰሞን የተሸጠ ሰንጋ ሁሉ ያተርፋል»

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በ50 ሺህ ብር የተገዛ ሰንጋ በ70 ሺህ ብር ቢሸጥ «20 ሺህ ብር አተረፍን» ተብሎ ለጉባኤ ይነገራል። ሰንጋ ለመድለብ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ የፋጉሎው፣ የፉርሽካው፣ የጠባቂውና የመኪናው ወጪ ከተቀነሰ ትርፉ 20 ሺህ ሳይሆን 4 ሺህ፣ አንዳንዴም ኪሳራ ይሆናል። ትርፉን የሚወስነው የመሸጫው ቀን ብቻ ሳይሆን የመግዣው ቀን ነው። ለፋሲካ የሚሸጥ ሰንጋ በገና ሰሞን ዋጋው ውድ በሆነበት ጊዜ ከተገዛ ገና ከመጀመሪያው ከስሯል፤ ገናው አልፎ ገበያው ሲቀዘቅዝ መግዛት ግን ይቻላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ ሲመጣ ደግሞ ትኩረቱ ከሥጋው ይልቅ በእንሰት፣ በወተትና በቅቤ የሚዘጋጀው ቡርሳሜ ላይ ስለሆነ፣ የቅቤ ላም ያለው አጥቢያ ከሰንጋ ባለቤቱ ይልቅ ይጠቀማል።

«ከብት ካለን መባ አያስፈልግም»

በገጠር አጥቢያ አንዲት እናት በመሐረብ ጠቅልላ ያመጣቻት እንቁላል ከአምልኮ በኋላ ለጨረታ ስትቀርብ፣ የገዛትም ሰው ዋጋዋን እጥፍ ድርብ ከፍሎ መልሶ ለጨረታ ሲሰጣት ያየ ሰው፣ ያ ገንዘብ ከበረት የሚመጣ እንዳልሆነ ያውቃል። ከብት ተገዝቶ መባው ከቀነሰ አጥቢያው ከነበረበት ወደ ኋላ ተመልሷል። ይልቁንም ሁለቱን ገቢዎች እንደየባሕርያቸው መመደብ ያስፈልጋል። ደመወዝ በየወሩ የሚከፈል ስለሆነ በየሳምንቱ ከሚሰበሰበው መባ ይሸፈን፤ ቡናው በደረሰበት ወቅትም ለክረምቱ ወራት ተቀማጭ ይደረግ። ከከብት የሚመጣው ገንዘብ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በአንድ ላይ የሚገባ በመሆኑ፣ ለወንጌላዊው ሥልጠና፣ ለቆርቆሮ ወይም ለሞተር ሳይክል ጎማ ይዋል፤ ከእያንዳንዱም ሽያጭ ለቀጣዩ ከብት መግዣ የሚሆነው ገንዘብ ሌላው ወጪ ከመደልደሉ በፊት ተቀንሶ ባንክ ይግባ።