ስለ ሩቁ ሰሜን አውሮፓ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን የሚገኙት የኖርዌይ፣ የስዊድንና የፊንላንድ ግዛቶች በጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የለበሰ፣ ሰው የማይኖርበት ምድር መስለው ይቀርባሉ። ሥዕሉ ለገበያ ይመቻል፤ ለጉብኝትም ሆነ ለሥራ ወደዚያ የሚያቀናን ሰው ግን ከልብስ ምርጫው ጀምሮ ያሳስተዋል።

ብዙዎች ወደ ሰሜን በተጓዙ ቁጥር ብርዱ እየበረታ እንደሚሄድ ያምናሉ። በዚያ አካባቢ ግን ከኬክሮስ ይልቅ ለባሕር ያለው ቅርበት ይበልጥ ይወስናል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚፈስሰው ሞቅ ያለ ውኃና ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የኖርዌይን የባሕር ዳርቻ ስለሚያለዝቡት፣ ወደ 70ኛው የሰሜን ኬክሮስ የተጠጋችው ትሮምሶ በጥር ወር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ወደቧም በበረዶ አይዘጋም። በአንጻሩ ከትሮምሶ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ከባሕር ርቃ የምትገኘው ካራሾክ እ.ኤ.አ. በ1886 ከዜሮ በታች 51.4 ዲግሪ ተመዝግቦባታል፤ ይህም እስካሁን የኖርዌይ ዝቅተኛው መዝገብ ነው። በባሕሩ ዳርቻ እንግዳን በብዛት የሚጎዳው በረዶ ቀልጦና መልሶ ረግቶ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት መንገድ በመሆኑ፣ ከወፍራም ካፖርት በፊት ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሹል ብረት መግዛት ይበጃል።

የብርዱ ወራት ድቅድቅ ጨለማ ናቸው የሚለውም የተጋነነ ነው። በትሮምሶ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 18 እስከ ጥር 7 ገደማ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ ሆኖም እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማዩ እንደ ንጋት ይቀላል፣ ሰውም ሥራውን ይሠራል። ከግንቦት 12 እስከ ሐምሌ 15 ገደማ ደግሞ ፀሐይ ፈጽሞ አትጠልቅም። ረመዳን በዚህ ጊዜ ሲውል፣ ከዚያ አካባቢ ሙስሊሞች መካከል የመካን ሰዓት ተከትለው የሚጾሙና የሚያፈጥሩ አሉ።

የሰሜን ብርሃን የሚባለው የሰማይ ቀለም ብርዱ ሲበረታ ይታያል መባሉ መነሻው ግልጽ ነው፤ ደመና የሌለበት ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ክስተቱ ራሱ ግን ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ የሚፈጠር ስለሆነ ከምድሩ ቅዝቃዜ ጋር አይገናኝም። በበጋቸውም አለ፤ ሰማዩ ስለማይጨልም ብቻ አይታይም። በፎቶግራፍ የሚታየውን ድምቀት የሚጠብቅ ሰውም ሊያዝን ይችላል፤ ካሜራ ብርሃኑን ለሰከንዶች ስለሚያጠራቅም ከዓይን ይበልጥ ያደምቀዋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ምድሩ ባለቤት የለሽ ነው የሚለው ይመስለኛል። አካባቢው በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ የኮላ ልሳነ ምድር ተከፋፍለው የሚኖሩት የሳሚ ሕዝቦች አገር ነው። ቋንቋዎቻቸው ከኖርዌይኛ ጋር ሳይሆን ከፊንላንድኛ ጋር የሚዛመዱ ሲሆን፣ የቀድሞውን «ላፕ» የሚል መጠሪያ ብዙዎቹ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ሁሉም ሬንዲር የተባለውን የብርድ አገር አጋዘን አርቢዎች ናቸው ተብሎ ቢታሰብም፣ በዚህ የሚተዳደሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ በባሕሩ ዳርቻ ለዘመናት ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ አሉ፣ ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ በከተማ ይኖራሉ። በመንገድ ዳር የሚታየው ሬንዲርም የዱር አይደለም፤ ጆሮው ላይ በተቀረጸ ምልክት የሚታወቅ ባለቤት አለው። የመንጋውን ቁጥር መጠየቅ እንደ ነውር የሚታይ በመሆኑ፣ የከብቱን ብዛት ለእንግዳ መንገር የማይወድ የአገራችን አርብቶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የመሬቱ ጥያቄ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኖርዌይ መንግሥት በአልታ ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ ለመሥራት ሲነሣ፣ የሳሚ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1979 ኦስሎ በሚገኘው ፓርላማ ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው የረኃብ አድማ አደረጉ። ግድቡ መሠራቱ አልቀረም፤ ይሁን እንጂ ተቃውሞው ባስነሣው ክርክር የተነሣ በ1989 የሳሚ ፓርላማ በካራሾክ ተከፈተ። ስዊድንና ፊንላንድም በየበኩላቸው የሳሚ ፓርላማ አላቸው።

በትሮምሶ ጎዳናዎች ነጭ ድብ ይዘዋወራል የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ በኖርዌይ ዋና ምድር የለም። የሚገኘው ከዚያ ወደ ሰሜን በጣም ርቀው ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች ነው። በደሴቶቹ ዋና ከተማ በሎንግየርቢየን «መሞት በሕግ ክልክል ነው» ተብሎ የሚነገረውም ሐሰት ነው። ምድሩ ከሥር ዘወትር የረጋ በረዶ ስለሆነ ሬሳ በሣጥን አይቀበርም እንጂ መሞትን የሚከለክል ሕግ የለም።

ስቫልባርድ ያለ ቪዛ መገባቱ ግን እውነት ነው፤ ኢትዮጵያውያንን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። መደበኛዎቹ በረራዎች በኖርዌይ በኩል የሚያልፉ በመሆናቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ወደ ደሴቶቹ ሲሻገር ከሸንገን ክልል እንደወጣ ስለሚቆጠርም፣ ለመመለስ እንዲችል ቪዛው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት።